ካፖርት የለበሰው ጥድ

ጥምቀት ካለፈ በሳምንቱ፣ ጠዋት ላይ፣ የጎረቤታችን ልጅ ከድጃ የገና ዛፏን ከነባልዲው ከሳሎናችን ልታወጣ መጣች። ላግዛት ጎንበስ ስል አንዱ ቅርንጫፍ መዳፌ ውስጥ ታሸና የጥዱ ሽታ ወጣ። ባልዲውን እንደያዝኩ ቀረሁ። «አባባ ሞላ፣ ወገብዎን ነው?» አለችኝ ደንግጣ። ወገቤስ ዘንድሮ ደህና ነው፤ ሽታው ነው እንጂ አርባ ምናምን ዓመት ወደኋላ የወሰደኝ። ምናምኑ ስንት እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ እኔ ዘመን የምቆጥረው በሱሪ እግር ስፋት ነው። ያኔ ሱሪ ከታች ሰፍቶ ጫማ የሚውጥበት ጊዜ ነበር።

ከድጃ ስምንት ዓመት ቤይሩት ሰው ቤት ሠርታ ባለፈው ክረምት ነው የተመለሰችው። እዚያ ገና በደረሰ ቁጥር ዛፍ ማስጌጥ የእሷ ሥራ ነበር። አንድ ዓመት እመቤቲቱ በሸክላ ዕቃ የተተከለ እውነተኛ ጥድ አስመጣችና በዓሉ ሲያልፍ ወደ ቆሻሻው አውርጂው አለቻት። ልጅቷ አራት ፎቅ ተሸክማ አወረደችው፤ ሥሩ አፈር እንደያዘ፣ ጫፉ አዲስ ቅጠል አውጥቶ ነበር። የቆሻሻው ገንዳ አጠገብ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ለዛፉ ብቻ ያለቀሰች አይመስለኝም። አገሬ ስገባ ነፍስ ያለው ዛፍ ገዝቼ፣ ከበዓሉ በኋላ መሬት አስይዘዋለሁ ብላ ያን ቀን ለራሷ ቃል ገባች። ዘንድሮ ከደሴ በአውቶቡስ አስጭና አመጣችው። እነሱ ቤት ገና ስለማይከበር እኛ ሳሎን፣ ቴሌቪዥኑ ጎን አቆመችውና «ገናው የእናንተ ነው፣ ዛፉ ግን የኔ ነው» ብላ አስጠነቀቀችን። ባለቤቴ ዘነበች እንደ ወጉ ለነከድጃ በእስላም እጅ የታረደ ዶሮ ለይታ ሠራች፤ ሁላችንም ዛፉ ሥር ተሰብስበን በላን። መብራቱ ቀይና አረንጓዴ ብልጭ ድርግም እያለ የዘነበችን ነጠላ ቀለም ሲቀያይርባት አመሸ።

እኔ ወደ መካነ ሰላም የመጣሁት ከወረኢሉ ነው፤ አጎቴ የስፌት መኪና ሥር ተኮልኩዬ ሙያውን ተምሬ፣ ሀያ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ፣ አንድ ሲንጀር መኪና በበቅሎ አስጭኜ። ዋናው መንገድ ላይ የአንድ ሻይ ቤት በረንዳ ተከራየሁ። ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ አምስት ሳንቲም ነበር፤ ሱሪ በሦስት ብር እሰፋ ነበር፣ ለመንግሥት ሠራተኛ አራት። ካኪ የለበሰ ገበሬ ሲመጣ ጉልበቱ ላይ ደረብ አድርጌ እሰፋለሁ፤ ቴትሮን ሸሚዝ የሚያሰፋ ወጣት ሲመጣ ደግሞ ኮሌታውን እስከ ትከሻው አስረዝምለታለሁ። በነፋስ ቀን የከተማው ጎረምሳ ኮሌታ ሁሉ ይርገበገብ ነበር። የሻይ ቤቱ ባለቤት እሑድ እሑድ ሬዲዮኑን መስኮት ላይ ያወጣዋል፤ የዘፈን ምርጫ ሲደርስ እኔ የመኪናዬን ፔዳል በዘፈኑ ምት እረግጣለሁ። ሐዘን ያለበት ዘፈን በሆነ ቀን ስፌቴ ይላላል፤ ደንበኛ ሱሪው ሲተረተርበት ተመልሶ ይመጣል። አሁን ያ በረንዳ ሞባይል የሚጠገንበት ሱቅ ሆኗል፤ ሳልፍ ልጆቹ «አባባ፣ ቻርጀር?» ይሉኛል።

እኔ በተከራየሁበት ግቢ፣ ከክፍሌ ጎን፣ መንገድ ሊያሠራ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ረጅም መሐንዲስ ይኖር ነበር። ትከሻው አንዱ ከአንዱ ዝቅ ስለሚል ኮቱን ከውስጥ ጥጥ ጠቅጥቄ አስተካክልለት ነበር፤ በዚህ ምክንያት በጣም ይወደኛል። ገና ሲደርስ በዘይት ቆርቆሮ የተተከለች፣ ወገቤ ድረስ የምትደርስ የፈረንጅ ጥድ ከየት እንዳመጣት እንጃ፣ ክፍሉ ውስጥ አቆመ። እሱ ጥጥ አለበሳት፤ እኔ ደግሞ ከበረንዳዬ የሳቲንና የፖሊስተር ቁርጥራጭ አምጥቼ በየቅርንጫፉ አሰርኩላት። ከተማው ተራ በተራ እየመጣ አየ። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ጥድ ሞልቶ፣ ቤት የገባ ጥድ ግን ማንም አይቶ አያውቅም። ጥምቀት እንዳለፈ መሐንዲሱ የዝውውር ደብዳቤ ደረሰው። ላንድሮቨሩ በዕቃ ተሞልቶ ዛፏ ስላልተቻለች፣ ለኔ ሰጠኝና ቆርቆሮ ውስጥ አትኖርም፣ ሜዳ ላይ ትከላት ብሎኝ ሄደ።

በጥር ተክል የሚተክል ሰው በአገራችን ጤነኛ አይባልም። የክረምቱ ዝናብ ሩቅ ነው፣ በልጉ ይምጣ አይምጣ አይታወቅም፣ ውርጩም ሌሊቱን አፈሩን ነጭ አድርጎ ያድራል። እኔ ግን ተከልኩ፤ የተከልኩትም ከአቶ ይመር ጓሮ ጋር የሚያዋስነን የእሾህ አጥር ሥር ነው። ለምን እዚያ? አሁን አርጅቻለሁ፣ ምን አፍራለሁ፤ አቶ ይመር ዘነበች የምትባል ልጅ ስለነበረው ነው። እናቷ ሞታ አባቷን የምታኖረው እሷ ነበረች። ሁለት ቀሚስ ሰፍቼላት ነበር፣ ግን አባቷ ሜትሬን አስነክቷት አያውቅም። አሮጌ ቀሚሷን ጠቅልሎ ያመጣና «በዚህ ልክ» ብሎኝ ይሄዳል። እኔም ልጅቷን የማውቃት በአሮጌ ቀሚስ ልክ ነው። ዛፍ አጥሩ ሥር ብተክል ግን ጠዋትና ማታ ላጠጣት መሄዴ አይደል? እሷም ልብስ ልታሰጣ ትወጣለች። ያሰብኩት ይህን ብቻ ነበር።

ሌላ ማሰብ የነበረብኝ ነገር ነበር። በእኛ አገር ዛፍ ድንበር ላይ አይተከልም፤ ከተተከለ መሬት ይዣለሁ ማለት ነው። ሥሩ ምስክር ነው፣ ነገ ልጅህ ተነስቶ አባቴ እስከዚህ ድረስ ያዘ ይላል። መሬት እንደገና ተሸንሽኖ በተከፋፈለ ማግስት ስለነበር፣ ሰው ሁሉ አንድ ዓይኑን ድንበሩ ላይ አድርጎ ነበር የሚተኛው። አላወቅሁም ማለት ውሸት ነው፤ ፍቅር እንዳስብበት አልፈቀደልኝም ማለት ግን እውነት ነው። በዚያ ላይ ሌላ ጥፋት ጨመርኩ። ውርጩ እንዳይገድላት ብዬ በሜትሬ ቁመቷንና ዙሪያዋን ለክቼ፣ ከካኪ ቁራጭ ካፖርት ሰፋሁላት፤ ከላይ እስከ ታች በቁልፍ የሚዘጋ፣ ኮሌታ ያለው። ማታ አለብሳታለሁ፣ ጠዋት አወልቅላታለሁ። ከተማው በሳቅ ሞተ። አቶ ይመር ግን አልሳቀም። አንድ ጠዋት ዱላውን ይዞ አጥሩ ላይ ቆመና፣ ስንዝር መሬቴን ወስደህ ደግሞ ዘበኛ አቁመህ ካፖርት ታለብሰዋለህ ወይ አለኝ። ሰባት ቀን ሰጠኝ፤ በሰባተኛው ቀን ካልነቀልኩ እሱ ይነቅለዋል።

ዛፏ መነቀሏ አልነበረም ያስጨነቀኝ። አቶ ይመር አንዴ ድንበር ገፊ ካለኝ ዘነበችን እስከ ዘለዓለም አጣኋት። ስለዚህ ሽማግሌ ላክሁ፤ ስለ ድንበሩ እንዲያስታርቁን። የተለመኑት የቅሬያችን ሰዎች ነበሩ፤ እኛ ወሎዎች ክርስቲያን እስላም ሳንል ሙታችንን የምንቀብርበት ማኅበር ማለቴ ነው። መሪያቸው ሼህ እንድሪስ ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፤ ዓይናቸው ሁልጊዜ ሊስቅ የተዘጋጀ ሽማግሌ ነበሩ። ከአንድ ቄስና ከአንድ ገበሬ ጋር ሆነው ማለዳ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ አቶ ይመር ደጅ ላይ ቆሙ። ግቡ ሲባሉ አንገባም አሉ፣ ተቀመጡ ሲባሉ አንቀመጥም አሉ፣ እንደ ወጉ። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ያለው አባት ደጅ ላይ በማለዳ ሦስት ሽማግሌ ቆሞ አልቀመጥም ካለ፣ ነገሩ ምን እንደሆነ ማን ይስተዋል? አቶ ይመርም አፋቸውን ሳይከፍቱ ቀደማቸው። «የላካችሁን አውቀዋለሁ። ልጄን ለድንበር ገፊ አልሰጥም» አለ።

ስለ ልጁ ማንም ምንም አላለም ነበር። ቄሱ እኛ እኮ የመጣነው ስለ ጥዱ ነው ሊሉ ሲሉ ሼህ እንድሪስ በዱላቸው ጫፍ እግራቸውን ነካ አደረጓቸው። ከዚያ ለአቶ ይመር በትሕትና፣ አንድ ጊዜ እምቢ ማለት የአባት ወግ መሆኑን፣ ተመልሰው እንደሚመጡም ነግረውት ወጡ። በረንዳዬ ድረስ ሲመጡ ሦስቱም በሳቅ እንባቸውን እየጠረጉ ነበር። ሼህ እንድሪስ ትከሻዬን ይዘው፣ «አብሽር ልጄ፣ ያልጠየቅኸውን ተከልክለሃል። አሁን ብትጠይቅ ደግሞ አዲስ ነገር አይሆንበትም» አሉኝ። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ወሬው ግን ከሻይ ቤቱ ሬዲዮ ፈጥኖ ከተማውን አዳረሰ። ገበያ የወጡ ሴቶች ሳይቀሩ እያዩኝ አፋቸውን በነጠላቸው ይሸፍኑ ነበር። ከዚያ ወዲያ ዘነበች ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ ወደኔ አታይም ነበር፤ እኔም ከሩቅ እያየሁ ስንት እጅጌ አዛብቼ እንደሰፋሁ።

በሰባተኛው ቀን አቶ ይመር ገመድ ይጣልልኝ ብሎ ሽማግሌዎቹን ራሱ ጠራ። ድንበሩ ይለካ፣ ዛፉም ይነቀል ነው ነገሩ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ሰዎቹ የድንበሩን ድንጋይ ፈልገው፣ ከድንጋይ ድንጋይ ገመድ ወጠሩ። ገመዱ የዛፏን ግንድ ታኮ አለፈ፤ የማናችን እንደሆነች መናገር አስቸገረ። ሼህ እንድሪስ ጎንበስ ብለው አፈሩን በዱላቸው ቆረቆሩ። ከኔ በኩል ያለው መሬት በትንሽ በትንሹ ነው የረጠበው፤ እኔ ውሃ በብር እየገዛሁ ስለነበር በጣሳ ነበር የማጠጣት። ከአቶ ይመር በኩል ግን፣ አጥሩ ሥር፣ አፈሩ ጥቁር ሆኖ ርሷል፤ እንዲያውም ሣር አቆጥቁጦበታል። በዚያ በደረቅ ጥር፣ ሌላው ጓሮ አመድ በመሰለበት! ሼህ እንድሪስ ይህ ውሃ ከየት ነው ብለው ጠየቁ። አቶ ይመር ጉሮሮውን ጠረገና «ጤዛ ይሆናል» አለ። ሼሁም በኛ አገር ጤዛ ከአጥር ወዲህ ብቻ መውረድ የጀመረው መቼ ነው አሉት። ሰው መሳቅ ጀመረ። ይህን ጊዜ ዘነበች ከቤት ወጥታ፣ ነጠላዋን ሳታስተካክል፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመች።

«እኔ ነኝ ያጠጣሁት» አለች።

አባቷ አያት፤ ረጅም ጊዜ ነው ያያት። ሊመታት ነው ብዬ እኔ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄድኩ፤ ሄጄ ምን ላደርግ እንደነበር አላውቅም። አቶ ይመር ግን ገመዱን ከድንጋዩ ፈታና ክንዱ ላይ ቀስ ብሎ ጠቀለለው። «ዛፉ ይቆይ» ብሎ ወደ ቤቱ ገባ። ሼህ እንድሪስ ተከትለውት ገቡ፤ ሲወጡ ጉዳዩ አልቆ ነበር። ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይህ ነው። ፋሲካ አልፎ ተጋባን። የሰርጓን ቀሚስ የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ያን ጊዜ በሜትር ነው የለካሁት፤ አሮጌው ቀሚስ ስንት ነገር ደብቆኝ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

እንግዲህ ይህን ታሪክ ነው ዕድሜዬን ሙሉ ለልጆቼ፣ ለልጅ ልጆቼ፣ ለደንበኛዬ ሁሉ የምተርከው። አንዲት ልጅ አባቷ የጠላውን ሰው ዛፍ በድብቅ አጠጥታ በሽማግሌ ፊት አመነች፤ እኔን መርጣ ማለት ነው። አማቼ ግን እንደተቀየመኝ ሞተ ብዬ ነበር የማምነው። የተከራየሁት ግቢ በኋላ የኔ ሆኖ፣ አጥሩን አፍርሰን ሁለቱን ግቢ አንድ አድርገን፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሮን ኖረ። በየዓመቱ ኮት እሰፋለታለሁ፤ ይለብስና እጅጌው ረዝሟል ይላል። አሳጥርለታለሁ፣ አጥሯል ይላል። አንድ ቀን እጅህ ይባረክ ብሎኝ አያውቅም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንደሚባለው ቤቱን ወረስኩት፤ ፍቅሩን ግን አልወረስኩም እያልኩ ብዙ ጊዜ ቅር ይለኝ ነበር። ጥዷ ከጣሪያችን በላይ ወጥታለች፤ ጥላዋ ሥር ስቀመጥ እንኳ አንዳንዴ የሱ ፊት ትዝ ይለኝና ደስታዬ ይቀንስ ነበር።

ከድጃ ዛፏን የተከለችው በእናቷ ግቢ፣ ከእኛ ጋር በሚያዋስነን ግንብ ጥግ ነው። ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ ብል ውሸት ነው፤ ዶማ ይዤ ቆሜ እያዘዝኩ ነበር። ዘነበች በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትመለከታለች። እኔም እንደ ልማዴ ታሪኩን ለከድጃ ጀመርኩላት፤ ካፖርቱን፣ ገመዱን፣ ጤዛውን። ከድጃ ከሳቋ የተነሳ ችግኙን አጣምማ ይዛ አስተካክይ ተባለች። አፈሩን መልሰን ከረገጥን በኋላ እርጥቡን አፈር እያየሁ፣ «እና ይች ሴት ናት እንግዲህ ያጠጣችልኝ» ብዬ ወደ ዘነበች ጠቆምኩ።

ዘነበች አልሳቀችም። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ፣ «አባቴም ሞቷል፣ ሼህ እንድሪስም ሞተዋል፣ አንተም አርጅተሃል» አለች። «እኔ አይደለሁም ያጠጣሁት።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ቀስ ብላ፣ እንደ ተራ ነገር፣ ነገረችን። ያጠጣው አባቷ ነው። ጠዋት ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ኩስኩስቱ ውስጥ ውሃ ያስቀራል፤ ከዚያ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ወደ አጥሩ ጠጋ ብሎ፣ ያፈሰዋል። አንድ ቀን አየችው። ራሱ ሊያስነቅለው ለሰባት ቀን ቀጠሮ የሰጠውን ዛፍ እንዴት ያጠጣል? ጠየቀችው። «ጠቤ ከልብስ ሰፊው ጋር ነው፤ ዛፉ ምን አደረገኝ?» አላት። ተክል ሲደርቅ ማየት አይችልም ነበር። በገመዱ ቀን ሼህ እንድሪስ አፈሩን ሲቆረቁሩ የአባቷ ጆሮ ሲቀላ ከበሩ ቆማ አየች። በሽማግሌ ፊት ሊዋረድ ሆነ፤ አላስቻላትም፣ ወጥታ እኔ ነኝ አለች።

«እንግዲያው አልወደድሽኝም ነበር?» አልኳት። ሰባ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ በሰው ግቢ፣ ዶማ ተደግፎ እንዲህ ሲጠይቅ ከድጃ ፊቷን ወደ ግንቡ አዞረች።

«ሊመታኝ መስሎህ ወደፊት የተራመድክ ጊዜ ወደድኩህ» አለች ዘነበች። «ከዚያ በፊትማ ዛፍ ካፖርት የሚያለብስ ሰው ምኑ ይወደዳል?»

አባትሽስ ለምን አልተናገረም፣ እኔ ነኝ ያጠጣሁት ቢል እኮ አንቺም በኔ አትታሚም ነበር አልኳት። ዘነበች እንደ ሕፃን አየችኝ። «ውሸቴን እያወቀ ዝም አለ። ያን ቀን እኔን ለአንተ የሰጠህ እኮ እሱ ነው» አለችኝ።

ዶማውን ለከድጃ ሰጥቻት ቤቴ ገባሁና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስንት እጅጌ አሳጠርኩ፣ ስንት እጅጌ አስረዘምኩ፤ ሰውየው ግን የሚሰጠኝን ሰጥቶ የጨረሰው በመጀመሪያው ቀን ነበር። ስቄም አልቅሼም መሰለኝ፤ ሁለቱም በአንድ ላይ መጡብኝ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ውሃ አስቀራለሁ። ውርጩ ገና አልለቀቀም። ግራ ቀኙን አያለሁ፣ ወደ ግንቡ ጠጋ እላለሁ፣ እጄን አሻግሬ የሰው ዛፍ አጠጣለሁ። ዘነበች በመስኮት እያየችኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ዞር ብዬ አላያትም፤ እሷም እስካሁን ምንም አላለችኝም።